የትርፊት ሳጥን

ኢክራም የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ቆንጥራ ቀስ ብላ ሳበችው። ጭርር ሲል ደንግጣ ወደ በሩ ዞረች። ማንም የለም። የምሳ ሰዓት ነው፤ ተማሪው ግማሹ ቤቱ ሄዷል፣ ግማሹ ግቢው በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠዋን ሴትዮ ከቧል። በስፖርት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እሷ፣ የተነፈሱ ኳሶች፣ የተቆላለፈ የመረብ ኳስ መረብና ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ናቸው።

ከፕላስተሩ ሥር የቻርጀር ገመድ የሚገባባት ቀዳዳ ብቅ አለች። ኢክራም የስልኳን ስክሪን አበራችና ቀዳዳዋ ላይ ለጠፈችው። ደብዛዛ ነው። «ይቺማ አትበቃም» አለች ለራሷ። ስክሪኑን አጠፋች፣ ስልኩን ገለበጠችና ባትሪውን ቦግ አደረገችው። ወዲያው ከውጭ ፉጨት ተሰማ። አሞጽ ነው፤ የክፍላቸው ልጅ አሞጽ ከመልኩ በፊት ፉጨቱ ይደርሳል። ኢክራም ባትሪውን አጥፍታ ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችውና ሳያያት ወጣች። በሩ ላይ «የገባ ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን ይጻፍ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጻፈችው ራሷ ናት። ስሟን ግን አልጻፈችበትም።

የሳይንስ ክበቡ ለኤግዚቢሽን የሚሆን ርዕስ ሲፈልግ ዳርክ ማተርን ይዛ የመጣችው ኢክራም ነበረች። በወንድሟ ስልክ ያየችውን ቪዲዮ ሦስቴ ደጋግማ አይታ፣ ያልገባትን ላይብረሪ ገብታ አንብባ ነው የመጣችው። «በዓለም ላይ ካለው ቁስ አብዛኛው አይታይም» አለች ሰሌዳው ፊት ቆማ። «ብርሃን አይሰጥም፣ ብርሃን አይጋርድም። መኖሩ የሚታወቀው ከዋክብትን በስበቱ ሲጎትት ነው።» ሰዎች እሱን ፍለጋ ጣሊያን ውስጥ ከተራራ ሥር፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ድሮ ወርቅ ይወጣበት በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ትልቅ በርሜል የመሰለ ዕቃ አስቀምጠዋል። የተሞላው ዜኖን በሚባል ጋዝ ነው፤ ከዜሮ በታች መቶ ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ እንደ ውሃ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ። ከላይ ያለው አለት ከሰማይ የሚዘንበውን ሌላ ቅንጣት ይከላከልለታል። የሚፈለገው ቅንጣት መጥቶ ዜኖኑን ቢነካ፣ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ብልጭ ይላል፤ መጀመሪያ ስስ ብልጭታ፣ ቀጥሎ ከበርሜሉ አናት ላይ ደመቅ ያለ። ሰዎቹ ያንን ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን አላገኙትም።

«እኛ ሰፈር መብራት ስንጠብቅ እኮ እንዲሁ ነን» አለ አሞጽ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ዜኖን በከተማቸው በሆሳዕና ገበያ አይገኝም። ስለዚህ የፊዚክስ አስተማሪያቸውና የክበቡ ኃላፊ መምህር ዳኘ «እኛ መጠበቁን እንሥራ» አሉ። ጨለማ ሳጥን፣ በውስጡ ብርሃን የሚለካ አፕ የተጫነበት አሮጌ ስልክ፣ ለማሳያ የሚሆኑ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ አምፖል። ሳምንቱን ሙሉ ማንም አይከፍተውም። ዓርብ ይከፈትና የተመዘገበው ብልጭታ ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፋል። የሳጥኑን ውስጥ የሚያጨልመውን ጥቁር ጨርቅ ኢክራም መነኸሪያው አጠገብ ካለው የአባቷ ሱቅ አመጣች። ሳጥኑን ያመጣችው የክፍል ጓደኛዋ ትርፊት ናት። ከጃጁራ ለትምህርት ስትመጣ ልብሷን የያዘችበት ሳጥን ነው፤ ልብሷን ኬሻ ውስጥ ገልብጣ፣ ሳጥኑን ተሸክማ መጣች። ክዳኑንና ቀዳዳዎቹን በጥቁር ፕላስተር የዘጋጋችውም እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው መምህር ዳኘ ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑን ለማየት ከዩኒቨርሲቲ በሚመጡ ገምጋሚዎች ፊት ቆማ የምታስረዳው ትርፊት እንደሆነች የተናገሩት።

ኢክራም ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀች። «ቲቸር፣ ርዕሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ ያነበብሽውም አንቺ ነሽ።»

«እና?»

መምህር ዳኘ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «አትቀየሚኝ ኢክራም። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ መልስ ትፈጥሪያለሽ። ትርፊት አላውቅም ትላለች። እዚያ ደግሞ የሚጠየቀው አብዛኛው የማይታወቅ ነው።»

ኢክራም ደብተሯን አንስታ ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ ጆሮዋ ጋለ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ትርፊት አማርኛ ስትናገር ልጆቹ ሙድ ሲይዙባት ከጎኗ የተቀመጠው ማን ነበር? ደብተር ያዋሳት ማን ነበር? አሁን አላውቅም ማለት ሙያ ሆኖ እሷ ትመረጥ? ከዚያን ቀን ጀምሮ የትርፊት ነገር ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። ሳቋ፣ አረማመዷ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት «የኔ ሳጥን ደህና አደረች?» የምትላት ነገር። ማክሰኞ ፕላስተሩን የገለጠችው ለዚህ ነው። ሳጥኑ ብርሃን እንደሚያስገባ ከታየ የዘጋጋችው ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ የክበቡ አባላት ጠረጴዛውን ከበቡ። ትርፊት ፕላስተሩን ቀድዳ ክዳኑን አነሳችና ስልኩን አወጣች። ስክሪኑ ላይ የሳምንቱ ብርሃን እንደ መስመር ተዘርግቷል፤ ብልጭታ ባለበት ወደ ላይ ይሾላል። ትርፊት ታነባለች፣ ኢክራም መዝገቡ ላይ ትጽፋለች።

«ሰኞ ሦስት ሰዓት ከአሥር። አንዲት ስስ።»

ኢክራም ከበሩ ላይ የተነሳውን ወረቀት አየች። «አሞጽ። ኳስ።»

«ሳጥኗን በእግርህ ገፋሃት?» አለች ትርፊት።

«እሷ ናት የገፋችኝ» አለ አሞጽ።

እንዲህ እያሉ ሄዱ። ነጠላ ብልጭታዎቹ ሁሉ ባለቤት ተገኘላቸው። ሳጥኑ ሲገፋ ክዳኑ ላላ ይልና ትንሽ ብርሃን ያስገባል። አራት ብልጭታዎች ግን የተለዩ ነበሩ። ሁለቴ ሁለቴ የበሩ፤ መጀመሪያ ስስ፣ ትንሽ ቆይቶ ደማቅ። ሁለተኛዋን ትርፊት «ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከአርባ» ብላ ስታነብ የኢክራም እስክሪብቶ ቆመ። የስልኳ ስክሪን፣ ከዚያ ባትሪው። ስስ፣ ከዚያ ደማቅ። ሳጥኑ ያፈሳል ለማሰኘት የለኮሰችው ብርሃን ቁጭ የዜኖኑን ምልክት መስሎ አርፏል።

መምህር ዳኘ ከኪሳቸው የታሸገ ፖስታ አወጡ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አታልያችኋለሁ። ከእነዚህ ሦስቱን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ አምፖሎቹን በገመድ ከውጭ እያበራሁ። የዜኖኑ ተመራማሪዎችም አንዳንዴ የውሸት ምልክት በስውር ይቀላቀልባቸዋል። አንባቢው የሚፈልገውን ብቻ እንዳያይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የውሸቶቹ ዝርዝር ይወጣል።» ፖስታውን ቀደዱ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሦስቱም ከመዝገቡ ጋር ገጠሙ።

«የማክሰኞዋስ?» አለች ትርፊት።

«የኔ አይደለችም።»

ሁሉም ከበሩ የተነሳውን ወረቀት አዩ፤ በዚያ ሰዓት የተጻፈ ስም የለም። ከዚያ አሞጽ ጠረጴዛውን ደበደበው። «በቃ! ዳርክ ማተር ሆሳዕና ገባ! በየትኛው ባጃጅ መጣ?»

መምህር ዳኘ ራሳቸው ሳቁ። «ዳርክ ማተር በቆርቆሮ ሳጥን አይያዝም። ይቺን የሠራት ሰው ወይም ዕቃ ነው። ምን እንደሆነ እስካላወቅን ግን አልታወቀም ብለን እንጽፋታለን።» ወደ ትርፊት ዞሩ። «ሌላ ሰው ቢሆን ፖስታው ከተከፈተ በኋላ አራተኛዋን እንዳላየ ያልፋት ነበር። አንቺ ጠየቅሽ። ነገም እንዲሁ።»

ትርፊት ፊቷ በራ። ኢክራም ደግሞ መዝገቡን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። በገዛ እጇ፣ በገዛ ስልኳ ሠርታ የሰጠቻት ሙገሳ! ብልጭታው የኔ ነው ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ግን እንዴት ብላ?

«ኢክራም፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ሠንጠረዡን በትልቁ ወረቀት ገልብጪልን» አሉ መምህር ዳኘ ሲወጡ። «ትርፊት ታግዝሻለች።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግቢው ጭር አለ። ኢክራም ወረቀቱን ወንበሮች ላይ ዘርግታ በሰማያዊ ማርከር ትጽፋለች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምክንያት። ትርፊት በረንዳው ላይ ቆማ ከአባቷ ጋር በስልክ ታወራለች። በሀዲይኛ ነው። ኢክራም ሆሳዕና ተወልዳ ስላደገች የገበያውን ሀዲይኛ ትሰማለች፤ ትርፊት ግን ፈጣን ናት። ከንግግሯ ውስጥ የያዘችው አንድ ቃል ነው። ኢክራም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ኢክራም።

አወቀች ማለት ነው? ማርከሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

ትርፊት እየሳቀች ገባች። «ነገ ይመጣል! ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጃጁራ ተነስቶ።»

«ስሜን ስትጠሪ ሰማሁ።»

«እንዴ፣ ታዲያስ? ሳጥኔን ምን አደረግሽው አለኝ። እኔና ኢክራም ጨርቅ ሰፍተንበት ማሽን ሆኗል አልኩት። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት፣ ነገ አስተዋውቅሃለሁ አልኩት።» ወረቀቱ አጠገብ ቁጢጥ አለችና የማክሰኞዋን መስመር በጣቷ ነካች። የሌሎቹ ሁሉ ምክንያት ተጽፏል፤ የዚች ባዶ ነው። «ይቺን ነገር ግን ሳስባት ነበር። አልታወቀም ከምንል ጥፋቱ የኔ ነው ልላቸው ነው። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኛ። የሆነ ቦታ አላልቼው ይሆናል።»

«አባትሽ ፊት?»

«ሼም ነው» አለች ትርፊት ትከሻዋን ነቅንቃ። «ግን ምን ላድርግ? ሌላ ምክንያት የለማ። በጌታ፣ ስንት ጊዜ ፈትሼዋለሁ መሰለሽ። ወደ ክፍል ስሄድ እነካዋለሁ፣ ከክፍል ስመለስ እነካዋለሁ። ቆይ፣ ሱቅ ሳይዘጋ ለነገ የሚሆን ፕላስተር ልግዛ።» ተነስታ ወጣች።

ኢክራም ባዶዋ ቦታ ፊት ቀረች። ማክሰኞ የፈለገችው ይኸው መጣላት። ትርፊት ራሷ ተሸክማ አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ነገ ትርፊት በገምጋሚዎቹና ከጃጁራ ድረስ በመጣው አባቷ ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች። ኢክራም ከጎን ቆማ ዝም ማለት ብቻ ይጠበቅባታል። መምህር ዳኘ እንኳ አያውቁም። መቼም ማንም አያውቅም።

ቅናቱ አልለቀቃትም። አሁንም ነገ እዚያ መቆም ያለባት እሷ እንደሆነች ይሰማታል። ብትናገር ደግሞ መቆሙ ይቅርና ከክበቡም ልትወጣ ትችላለች። ትርፊትም ከእንግዲህ ከእሷ ደብተር አትዋስ ይሆናል። ሁሉንም በየተራ አሰበችው። በመስኮቱ በኩል ትርፊት ግቢውን በሩጫ ስታቋርጥ ታየቻት፤ ሹራቧ ኬሻ ውስጥ ታጥፎ የከረመ ነውና ጀርባው ላይ ተጨማዶ ነበር።

ኢክራም የማርከሩን ክዳን ነቀለች። እንደ ሌሎቹ መስመሮች አስተካክላ፣ በዚያው በሚያምረው ጽሑፏ፣ ባዶዋ ቦታ ላይ ጻፈች፦

«የኢክራም ስልክ። ፕላስተሩን ገልጣ ያበራችው።»

ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቀችም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ትርፊት የግቢው በር ጋ ደርሳለች።

«ትርፊት!» ብላ ተጣራች። «ፕላስተሩ ይቆይ። መጀመሪያ ነይና ይቺን አንብቢ።»