ቅርፊቱ ወደ ሰማይ

የለሜሳ ሬሳ የተገኘው የገዛ እንጨቱ ሥር ነው። ጊዜው የ1970 ግንቦት፣ ቦታው ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ ሲወረድ ያለ የገበሬ ማሳ ነበር። ለሜሳ በበጋ የፈለጠውን ባሕር ዛፍ ከመሬት ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ፣ ንፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ አራርቆ ይከምራል። ከክምሩ ኋላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ነበረው። እዚያ ውስጥ የእንጨት ነጋዴው የአብዶ ልጅ ሰዒድ ከቀይ ሽብር ተደብቆ ከረመ። አንድ ቀን ግን ታጣቂዎች ሳይፈልጉ፣ ሳይበረብሩ፣ በቀጥታ መጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ፍልጡ እየደረቀ ቀጭ ባለ ቁጥር ጎረቤቱ «ልጁ ነው የሚያንኳኳው» ይላል። የለሜሳ ሚስት ገዲሴም እንጨት መሆኑን እያወቀች «አቤት» ያለችበት ቀን አለ።

አሁን ደግሞ ክምሩ ተንዶ፣ ባሏ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሥሩ ተገኘ። የለሜሳ ታናሽ ወንድም ቀጄላ የገበሬ ማህበሩ ጥበቃ አዛዥ ነው። አብዶን ከጎፋ አስመጥቶ የፊጥኝ አሰረው።

«ማታ መኪና ይመጣል» አለ። በዚያ ዘመን ማታ በመኪና የተወሰደ ሰው የት እንደሚደርስ፣ ልጆቼ፣ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም ነበር።

ከመኪናው በፊት ግን መቶ አለቃ መኩሪያ ከፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ደረሰ። ጉንፋን የማይለቀው አጭር ሰውዬ ነው። ሬሳው ላይ ያለውን ፍልጥ ቁጢጥ ብሎ አየው። ከዚያ አንድ በአንድ አንስቶ፣ ለሜሳን አስወጥቶ፣ የተኛበትን መሬት በመዳፉ ዳሰሰው።

«ጓድ ቀጄላ፣ ምን አየህ?»

«ሌሊት ዝናቡ ሲያባራ ክምሩ ሲናድ ሰማሁ። ስወጣ ይሄ ሰውዬ በማሳው ሲሮጥ አየሁት። ልጄን ያስበላው ለሜሳ ነው ብሎ ቂም ይዟል።»

«እውነት ነው አብዶ?»

«ቂሙን ይዤ ነበር፤ አልዋሽም። ግን አልገደልኩትም፣ ወላሂ! ትናንት ከመግሪብ ጀምሮ እቤቴ ለሰዒድ ዱዓ ነበር። ሰዉን የሸኘሁት ዝናቡ ከጣለ በኋላ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብቻዬን ተኛሁ።»

«በል ትራስህን ምስክር ጥራ!» ብሎ ቀጄላ ሳቀ።

መኩሪያ ወደ ገዲሴ ዞረ። «እትዬ ገዲሴ፣ ለሜሳ ትናንት ምን ብሎሽ ነበር?»

«‹ሰዒድን የጠቆመውን ሰው ደረስኩበት፤ ነገ ሄጄ ለአብዶ እነግረዋለሁ› አለኝ። ስሙን ብለምነው እምቢ አለ። ‹ዛሬን እንኳ ተኚ› አለኝ።»

«ታዲያ አብዶ ምሥጢሩን ሊነግረው የሚመጣን ሰው ለምን ይገድላል?» አለ መኩሪያ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና «ለቀስተኛ መግባቱ ነው። ይሄን እንጨት ከመንገድ አንሱልኝ። አብዶን ፍቱት፣ እሱም ያግዝ። ሁላችሁም ለየብቻ ከምሩ» አለ።

«ሬሳ ተጋድሞ እንጨት?» ብሎ ቀጄላ አጉረመረመ። ግን ከምሮ ለመገላገል ከሁሉም ፈጠነ።

ሲጨርሱ መኩሪያ ሰዉን ሰበሰበ።

«ከሬሳው ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ የተገደለ ሰው ጭቃ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ለሜሳ የሞተው ሳይዘንብ ነው፤ ያን ጊዜ አብዶ ጎፋ በሰው ተከቦ ዱዓ ላይ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሲሮጥ አየሁት ያለ ሰው ያላየውን ነው ያወራው። ደግሞስ ክምር ሲናድ አንዱ ፍልጥ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ይወድቃል። ለሜሳ ላይ የነበረው ግን ሁሉም ቅርፊቱ ወደ ሰማይ ነው። ስለዚህ አልተናደበትም፤ ተከመረበት። ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ልብሱ ያልረጠበውም ለዚህ ነው።»

ገዲሴ ከሬሳው ቀና አለች። ባሏ «ቅርፊቱ ቆርቆሮው ነው፤ ወደ ላይ አድርገው» እያለ ሲያስተምር ትሰማው ነበር። ያስተማረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«እስቲ ወዲያ እዩ» አለ መኩሪያ። «አብዶ ነጋዴ ነው፤ ገዢ ድርቀቱን እንዲያይለት ነጩን ፊት ወደ ላይ አድርጓል። እትዬ ገዲሴ እንደመጣላት ጥላዋለች። የጓድ ቀጄላን እዩልኝ።»

ሰዉ አየ። ሁሉም ፍልጥ ቅርፊቱ ወደ ሰማይ ነው።

ቀጄላ እጆቹን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ አያቸው።

«ሰዒድን የጠቆምከው አንተ ነህ?» አለችው ገዲሴ።

«ለአብዶ እንዳይነግረው ለመንኩት። እግሩ ሥር ወደቅሁ። እምቢ አለኝ። ከመታሁት በኋላ ደመናው መጣ፤ ዝናብ እንዳይነካው አለበስኩት።»

መኩሪያ ለታጣቂዎቹ ምልክት ሰጠ። እርስ በርሳቸው ተያዩና አዛዣቸውን ያዙት። አብዶ ነፃ ነው ቢባልም አልሄደም፤ ቀጄላ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ልጄን የት አደረሱት?»

«አላውቅም አብዶ። እኔ ያሳየኋቸው መግቢያውን ብቻ ነው።»

አብዶ ባለበት መሬት ላይ ዘጭ አለ። ገዲሴ ከባሏ ሬሳ አጠገብ ተነስታ መጣችና ጎኑ ተቀመጠች።

«እኔስ የማለቅስበት ሬሳ አገኘሁ» አለችው። «ና ወንድሜ፣ ለልጅህም እዚሁ እናልቅስለት።»