ለመዳብ የተሳለችው

የመዳብ ፍለጋው ካምፕ የቀን ሠራተኛዋ ሰርካለም ለናሙና ከጉድጓዱ የወጣውን የድንጋይ ዘንግ እያጠበች ነበር። ከፍላቂት ከተማ በላይ፣ በአባቷ በአቶ ጥሩሰው የገብስ ማሳ ላይ የቆመው መቆፈሪያ ዛሬ ሥራውን ይጨርሳል። መዳብ ካልተገኘ ካምፑ ይነሳል፤ ካምፑ ከተነሳ ጂኦሎጂስቱ ደሳለም አብሮ ይሄዳል።

ደሳለን የወደደችው ስለ ድንጋይ ሲያስረዳት ነው። ሰው በምኑ ሁሉ ይወደዳል እናንተ!

«ከሥር የቀለጠ አለት ወደ ላይ ይገፋል» ይላት ነበር። «እየበረደ ሲሄድ ትኩስ ውሃ ይለቃል። ውሃው በአለቱ ስንጥቅ እየገባ መዳብና ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ይተዋል። ፖርፊሪ የምንለው ይሄን ነው።»

አንድ ቀን ከሌላ አገር ያመጣውን ናሙና አውጥቶ ጣቷን ግራጫው ሞሊብዲነም ላይ አሸት አደረገው። ጣቷ እርሳስ እንደነካው ጠቆረ። እጇን ቶሎ አልለቀቀውም።

መዳብ ከወጣ አባቷ ማሳቸውን እንደሚያጡ አልጠፋትም። ቢሆንም ልቧ አልታዘዝ ብሏት፣ መዳቡ ከተገኘ ለአሸተን ማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ሀፍረቱ እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

«ደሳለ! ና እይልኝ፣ በማርያም!»

ካጠበችው ድንጋይ መሀል አረንጓዴ መስመር ታይቷል። ደሳለ ሮጦ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ተንበርክኮ የአሲድ ጠብታ አደረገበት። የመዳብ አረንጓዴ ቢሆን አረፋ ያወጣል። ድንጋዩ ዝም አለ።

«መዳብ አይደለም። የጥቁር ድንጋይ ተራ አረንጓዴ ነው፤ እዚህ ፖርፊሪ የለም» አለና መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ሳቀ።

እንባዋ መጣ። «መሄድህ ነው የሚያስቅህ?»

«አባትሽ አልነገሩሽም እንዴ? ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልኬ ነበር።»

«ሽማግሌ?»

«‹መሬቴን ሊቆፍር ለመጣ ልጄን አልድርም፤ መጀመሪያ ጉድጓዱን ይድፈን› ብለው መለሷቸው። መዳብ ከወጣ ደግሞ ማን ያስደፍነኛል? እንዳይወጣ ስጸልይ ነው የከረምኩት። ጂኦሎጂስት ሆኜ!»

ሰርካለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ እኮ እንዲወጣ ተስዬ ነበር!»

ደሳለ ሳቁን አቆመ። ተነስቶ አካፋ ያዘ፤ እሷም ሌላ አካፋ አነሳች። አፈሩን ገና መመለስ ሲጀምሩ አቶ ጥሩሰው በማሳው ዳር ብቅ አሉ። ጉድጓዱን አዩ፣ አካፋ የያዘች ልጃቸውን አዩ።

«ጠቅጥቀህ ድፈነው፣ ልጄ» አሉት ደሳለን፤ «ከብት እንዳይገባበት።»