የተቧጨረው ቸርኬ

ሦስተኛው የብርጭቆ ወረቀት እጇ ላይ ተበጣጠሰ። ፌንጣ ግን አልቆመችም። የአጎቷ አሮጌ ብስክሌት መጋዘኑ ወለል ላይ ተገልብጧል፤ በአንድ እጇ ጎማውን እያዞረች በሌላው ቸርኬውን ትፈትጋለች። ቸርኬው፣ የፊቱም የኋላውም፣ ግራና ቀኙን ክፉኛ ተቧጭሯል። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ትናንት በቤንዚን አስለቅቃዋለች፤ ጭረቱን ደግሞ በሞረድ ጀምራ አሁን በወረቀት እየጨረሰችው ነው። ድመት የተጣላችበት ነው የሚመስለው ብላ ለብቻዋ ሳቀች።

ፌንጣ የወጣላት ስም ነው። እናቷ ሌላ ስም አውጥታላት ነበር፤ በብስክሌት ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ከጀመረች ወዲህ ግን ያንን ስም የሚጠራው ስም ጠሪው መምህር ብቻ ነው።

አጎቷ ያዘዛት አጭር ነበር። «ጎማውን ብቻ ንፊልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ።» ቅዳሜ የክለቡ ትርኢት አለ። የትራያል ብስክሌት፣ ያ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘለልበት፣ ከድሮ እስከ ዛሬ እንዴት እንደተለወጠ በሦስት ብስክሌቶች ይታያል፤ መካከለኛውን የሚነዳው አጎቷ ነው። መንዳት ካቆመ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ ብስክሌቱ የሷ እንዲሆን ቃል ገብቶላታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት በአየር ብቻ ይመሰገናል? ስትጨርስ ቸርኬው ፊት ያሳይ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የክለቡ ግቢ በሰው ተሞላ። በመሀሉ ግንድ፣ የአውቶቡስ ጎማ፣ የተደራረበ ብሎኬት፣ መጨረሻ ላይ ደረት የሚደርስ ግንብ አለ። ጨዋታው ለመናገር ቀላል ነው፤ እግርህ መሬት ሳይነካ ያንን ሁሉ በብስክሌት ታልፋለህ። ሦስቱ ብስክሌቶች ተራቸው እስኪደርስ በሸራ ተሸፍነዋል።

የክለቡ መካኒክ ጋሽ ብሎን ልጆቹን ሰብስቦ ያወራል። ሲራመድ ኪሱ ስለሚንቃጨል ነው ብሎን የተባለው። ፌንጣ ጥያቄ ሲያምራት መታገሥ አትችልም።

«ጋሽ ብሎን፣ የመጀመሪያው ብስክሌት ለምን ኮርቻ ኖረው? ማንም አይቀመጥበት!»

«ያኔ ማን አወቀ? የጀመሩት አባቶቻቸው የሞተር ትራያል የሚነዱ ልጆች ናቸው። ሞተሩ ቢያምራቸው ማን ይሰጣቸዋል? ብስክሌታቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ወጡ። ብስክሌት ደግሞ ኮርቻ አለው፣ ተዉት። ሲዘሉ ግን ይመታቸዋል። የት እንደሚመታ አልነግርሽም።»

ልጆቹ ተንጫጩ።

«ዝቅ አደረጉት። አሁንም ዝቅ። በመጨረሻ አውጥተው ጣሉት። ያ ሁሉ ብረትም ቀለለ፤ የመጀመሪያውን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር ብል ትንሽ ነው የዋሸሁት።»

«አነዳዱስ?»

«ድሮ ተንደርድረሽ መጥተሽ ነው የምታልፊው። ከጊዜ በኋላ ግን በኋለኛው ጎማ ብቻ ቆመው መዝለል ለመዱ። ጠርዝ ላይ በአንድ ጎማ ስትቆሚ ፍሬንሽ ትንሽ ቢያሾልክ አለቀልሽ። የዛሬ ልጆች ዲስክ ፍሬን አላችሁ፣ በአንድ ጣት ቀጥ ነው። በእኛ ጊዜ የፍሬኑ ጎማ የሚነክሰው ቸርኬውን ነበር። አዲስ ቸርኬ ደግሞ ልስልስ ነው፣ ያንሸራትታል። ታዲያ ምን አደረግን?»

ልጆቹን በየተራ አያቸው።

«የብረት መፋቂያውን ግራይንደር አንስተን ቧጨርነው! በስንት ልመና የተገዛውን! እናቴ አብደሃል ብላ ጎረቤት ጠራችብኝ። ከዚያ ላዩ ላይ ሬንጅ መቀባት ነው። ሲይዝ ታዲያ ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ደግሞ ሕግ ነበረን፤ የሰው ቸርኬ ሰው አይቧጭርም። እዚያ ላይ ወጥቶ ፍሬኑን የሚያምነው ነጂው ነዋ።»

ፌንጣ ክው አለች። ሳቁ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት። ቀስ ብላ ከልጆቹ መሀል ወጣችና ወደ ብስክሌቶቹ ሄደች። በሸራው ስር እጇን አስገብታ የመካከለኛውን ፍሬን ጨምድዳ ያዘች፤ በሌላ እጇ ገፋችው። ብስክሌቱ ድምፅ ሳያሰማ ሸርተት አለ።

«ፌንጣዬ!»

አጎቷ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነውና ከጠዋት ፈረቃ ቀጥታ መምጣቱ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ፊቱ እንደ ልጅ ያበራል።

«ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ታምኛለሽ? ተሳፋሪ ሲያነጋግረኝ እኔ ግንቡ ላይ ነኝ። አየሩን ነፋሽልኝ?»

«ነፋሁ።»

«አንበሳ!»

ጓንቱን ያጠልቅ ጀመር። ብትናገር ብስክሌቱ መቅረቱ ነው፤ አትንኪ ተብላ የነካችውን ማን ይሰጣታል? ከሱ የከፋው ግን ይሄ የሚያበራ ፊት ነው። ዝም ብትልስ? ሲሞክረው ራሱ ያውቀው ይሆናል። ላያውቀውም ይችላል። የፍሬኑ ጎማ አርጅቷል ብሎ ያልፈው ይሆናል። ግንቡን ቀና ብላ አየችው። በሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነው።

«አጎቴ።»

«አቤት።»

«እንዳትወጣ። ቸርኬውን... እኔ አለስልሼዋለሁ። የተበላሸ መስሎኝ ነው። ጥቁሩንም አስለቀቅኩት።»

አጎቷ ሸራውን ገለጠው። ፀሐይ ቸርኬው ላይ አንጸባረቀች። ጣቱን ዳር እስከ ዳር አሳለፈበት።

«አየር ብቻ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል።»

ጋሽ ብሎን ኪሱን እያንቃጨለ ደረሰና አንድ ጊዜ አይቶ ራሱን ያዘ። «አይ ፌንጣ! ቅንድብ ላበጅ ብለሽ ዐይን አጠፋሽ!»

እሱ ሳቀ፤ አጎቷ ግን አልሳቀም። «በእጅሽ ነው?» አላት።

«በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

«ሁለት ቀን!» ግንቡን አየ፣ እሷን አየ። «እዚያ ላይ ሆኜ ብይዘው ኖሮ...» አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልፈለገችም፤ እንባዋ መጣ፣ አፈረችበትም።

«ጋሽ ብሎን፣ ግራይንደሩን ያቀብሉኝ። እኔን መጨረሻ ያድርጉኝ፤ አዲሱ ይቅደም።»

ብስክሌቱን ገልብጠው ከግንቡ ኋላ አቆሙት። አጎቷ መነጽሩን አድርጎ የኋላውን ቸርኬ ያዘ። እሷ ጎማውን ቀስ እያለች ታዞርለታለች፤ ግራይንደሩ ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ ያደርጋል። የሁለት ቀን ልፋቷ በአምስት ደቂቃ ጠፋ። ዐይኗ ግን ከእጁ አልተነሳም። ለምን አግድም አይሆንም? ለምን ዘመም ያደርገዋል? መጠየቅ አማራት፤ ዛሬ የመጠየቅ መብት ያላት ግን አልመሰላትም።

አጎቷ ማሽኑን አጠፋና መነጽሩን አወለቀ። «ትርኢቱ ሲያልቅ ብስክሌቱ ያንቺ ነው አልኩሽ አይደል?»

«አዎ። ገባኝ፣ ችግር የለም፣ ተወው።»

«ምኑን ነው የምተወው? ቸርኬውን ያልቧጨረ ሰው ብስክሌቱ የኔ ነው አይልም።» ግራይንደሩን ዘረጋላት። «የፊቱን አንቺ ነሽ።»

ፌንጣ እጇን አልዘረጋችም። «የሰው ቸርኬ ሰው አይቧጭርም ተብሏል እኮ። የምትወጣበት አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«እጄ ቢንቀጠቀጥስ?»

«ይንቀጥቀጥ። በጣም እኩል የሆነ ጭረት አይነክስም።»

ከግንቡ ወዲያ ሕዝቡ ለአዲሱ ብስክሌት ያጨበጭባል። ፌንጣ ግንቡን አየች፣ ሲሚንቶውን አየች፣ የአጎቷን እጅ አየች። ጓንቷን ከኪሷ አውጥታ አጠለቀችና መነጽሩን ዐይኗ ላይ አድርጋ ግራይንደሩን ተቀበለችው።

«ለምንድነው ግን ዘመም የሚደረገው?» አለች።

«ቧጭሪ፣ እነግርሻለሁ።» ጎማውን ማዞር ጀመረ።

ማብሪያውን ተጫነችው።