የመጠለያው ቁልፍ

ሬሳውን ያገኘው ጀልባ ቀዛፊው ፈርዲ ነው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። ሊዝቤት የምትባለው ቤልጅጋዊት እንግዳ ከታንቲ ዩዶራ ማረፊያ ቤት ጀርባ፣ መርዛማው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር ተጋድማለች። ልብሷ በዝናቡ ርሷል፤ በእጇ የተገመጠ ፍሬ ይዛለች። ግሬናዳ ውስጥ ይህን ዛፍ የማይፈራ የለም። ፍሬው አፍና ጉሮሮ ያቆስላል፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠብ የዝናብ ውሃ እንኳ ቆዳ ይልጣል። እንግዳ እንዲጠነቀቅ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለበት ይቀባል። ቀቢው ፈርዲ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ቀለሙ ደብዝዞ ሳያድሰው ቀረ። መንደሩም በአንድ አፍ ፈረደበት፤ የሚቀረው እስር ቤት መግባት ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር ኦርሊን ፓስካል ሬሳው ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ማረፊያ ቤቱ ገባች።

«እንግዳዋ መቼ ወጣች ታንቲ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር። ዛፉ ሥር እንዳትጠለይ ብያት ነበር። የዛሬ ልጅ መቼ ይሰማል ብለሽ።»

ፈርዲ ደጅ ተቀምጦ ነበር።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ባሕር ላይ፣ ብቻዬን። ምስክር ካሻሽ ዓሣዎቹን ጠይቂ።»

ሠራተኛዋ ቴልማ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰባት ሰዓት ላይ ላጸዳ ስገባ የሳሎኑ መስታወት አንሶላ ለብሷል፣ የውሃ ማሰሮውም ተደፍቷል። ማን ሞተ ብዬ ክው አልኩ። ታንቲ ‹መብረቅ እንዳይስብ ነው› አሉኝ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።»

ሊዝቤት ጥንቁቅ መንገደኛ ነበረች። የፓስፖርቷን ቅጂ ለይታ ትይዛለች፤ ባረፈችበት ሁሉ ወደ አውሎ ነፋስ መጠለያው የሚወስደውን መንገድ አስቀድማ ትጠይቃለች። ኦርሊን ከልብሷ ሥር ከታጠቀችው ቦርሳ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አገኘች።

በሞተች በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ አገሩ ወግ ለሟች ለሚደረገው ጸሎት ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። መስታወቱ እንደተሸፈነ ነው።

«ይህች ልጅ ፍሬውን አልበላችም» አለች ኦርሊን። «ብትበላ አፏ ይቆስል ነበር። ዝናቡ ሲወርድባትም በሕይወት አልነበረችም። ሕያው ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፤ የእሷ ግን ንጹሕ ነው። ማጅራቷ ላይ ደግሞ ከጸጉሯ ሥር የምት ምልክት አለ። ስለ ዛፉም ታውቅ ነበር። ‹ከጀርባ ያለው ቀለሙ ቢደበዝዝም ያው መርዛማው ነው› ብላ ጽፋለች።»

ፈርዲ ቀና አለ።

«ስለዚህ ከስምንት ሰዓት በፊት ሞታለች፤ በዝናቡ ወጣች ያሉት ታንቲ ዋሽተዋል። ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ቤት መስታወት ተሸፍኖ ውሃ ተደፍቷል። ለመብረቅ መስታወት ይሸፈን ይሆናል፤ ውሃ የሚደፋው ግን ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። መንፈሷን ፈርተው ወጉን መተው አልቻሉም።»

ደብተሩን ገልጣ የመጨረሻውን መስመር አነበበች። «‹የመጠለያው ቁልፍ በአውሎ ነፋሱ ጠፋ ይላሉ። መሳቢያዬ ውስጥ ያገኘሁት፣ የመጠለያው ስም የተቀረጸበት ቁልፍ ታዲያ ምንድን ነው? ታንቲን ልጠይቅ።›»

ከአራት ዓመት በፊት አውሎ ነፋሱ ሲመጣ የመጠለያው ቁልፍ ያዥ ታንቲ ዩዶራ ነበሩ። ነፋሱ ከእጄ ነጠቀኝ ብለው ማሉ። አሥራ አንድ ሰው በተዘጋው በር ሥር አለቀ፤ የፈርዲ እናት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኮረብታው ላይ ካለው መጠለያ የበር መንኳኳት ይሰማል ይባላል። ኦርሊንም ሰምታ ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ታንቲ» አለች።

አሮጊቷ ከሽርጣቸው ኪስ የዛገ ቁልፍ አወጡ። «ያን ቀን ፈርቼ አልጋ ሥር ገባሁ። ልጅቷ እውነቱን ንገሪያቸው አለችኝ። ገፋኋት፤ ደረጃው መታት። በአትክልት ጋሪ ዛፉ ሥር ወስጄ ፍሬውን በእጇ አስያዝኳት።»

«እናቴ አንኳክታ ነበር?» አለ ፈርዲ።

«እሷማ እዚህ ድረስ መጣች። በስሜ ጠራችኝ።»

ውጭ ማካፋት ጀመረ። ፈርዲ ቁልፉን ከእጃቸው ወስዶ ወጣ፤ ኦርሊን አልከለከለችውም። ኮረብታው ላይ የመጠለያውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆመ።