የሦስተኛው ፎቅ በረንዳ

ደላላው የወደቀው ጠዋት ነው፤ ፀሐይ የግቢውን ግማሽ እንኳ ሳትይዝ። ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ከነብረት መከለያው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አንድ እጁ መከለያውን እንደጨበጠ ነው። ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። የሚያፈሰውንም የተሰነጠቀውንም ቤት «ችግር የለም» እያለ ስለሚያሳይ፣ ስሙ ራሱ ችግር የለም ሆኖ ቀርቶ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ፣ ቀድሞ የመጣው ፖሊስ ሬሳውን በአንሶላ ሸፍኖ ጠበቃት።

«አደጋ ነው። ብረቱ ዝጎ ነው» አላት።

ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ተንበረከከች። መከለያው የቆመባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ ዘይት ነክቶ ወጣ።

«ዝገት ብሎን ይሰብራል እንጂ ዘይት ቀብቶ አይፈታም» አለች። «ይህን የፈታው ሰው ነው።»

ቤቱን ለሁለተኛ ጊዜ ለማየት ከደላላው ጋር የመጣችው ነርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከአዳር ሥራዋ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ የደንብ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«ሲወድቅ የት ቆመሽ ነበር?»

«የበረንዳው በር ላይ። መከለያውን ነካ ባደርገው ተነቃነቀብኝ። ይኼ ነገር ያስፈራል አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ችግር የለም፣ የድሮ ብረት ነው፣ ዝሆን ይችላል› አለኝ። ሊያሳየኝ ብሎ ጀርባውን ጥሎ ተደገፈ።» ነርሷ እጆቿን አየች። «ልይዘው እጄን ዘርግቼ ነበር። አልደረስኩበትም።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ዓይናቸው የማያይ እናት ብቻ። ልጃቸው መምህር ነው፤ ወደ ሥራው ሄዷል አሉኝ።»

የቤቱ ባለቤት ምድር ቤት የሚኖሩ ወፍራም ሴትዮ ናቸው። መርማሪዋን ሳሎናቸው አስገብተው ራሳቸው እንደቆሙ ቀሩ።

«ስንት ሰው አየው ይህን ቤት» አሉ። «አንዱ መታጠቢያ ቤቱ ይከረፋል ይላል። ሌላው ግድግዳው ረጥቧል ይላል። ለዘመናት ያልነበረ ነገር። የሆነ ሰው የረገመኝ መስሎኝ ነበር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«መምህሩን ቤቱን ልቀቅ ካልኩት ወዲህ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ግን ሁሉ ነገር ተወደደ፣ እሱ ያለው የመምህር ደሞዝ ነው። እኔስ በምን ልኑር?»

«ቤቱ እንዳይከራይ የሚፈልግ ሰው ያውቃሉ?»

በሩ ላይ የቆመው የሴትዮዋ ልጅ ነው የመለሰው። መንገድ ሥራ ላይ የሚውል ኢንጂነር ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል።

«እኔ ነኝ። ላገባ ነው፣ ለእኔ ስጪኝ ብያት እምቢ አለችኝ። ከደላላውም ጋር መንገድ ላይ ተጣልተናል፣ ሰውም ሰምቶናል። ሲጣራ መውጣቱ አይቀርም ብዬ ነው የምነግርሽ።»

«መኪናህ ውስጥ የብሎን መፍቻ አለህ?»

«የሌለው ኢንጂነር አለ?»

ፖሊሱ መርማሪዋን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷ ግን ተነስታ ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች።

መታጠቢያ ቤቱ በእርግጥ ይከረፋል። ከፍሳሹ ቀዳዳ ላይ ክዳኑን አነሳች። ከሥሩ በክር የተንጠለጠለ እርጥብ ጨርቅ አለ፤ ስትፈታው የበሰበሰ ሥጋ ወጣ። መኝታ ቤት ደግሞ ግድግዳው መሐል ሰፊ የእርጥበት ምልክት አለ። ወጥታ በስተጀርባ በኩል ብታየው የደረጃው ግድግዳ ነው፤ ደረቅ፣ ቧንቧ የሚባል ነገር የማያልፍበት።

ዓይነ ስውሯ እናት ድምፅ ሲሰሙ ተነሱ። ምንም ሳይደግፋቸው ወጥ ቤት ገብተው፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ብርጭቆ ውሃ አመጡላት።

«እማማ፣ ዓይኑ እንደሚያይ ሰው ነው ቤቱ ውስጥ የሚሄዱት።»

«ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው የገባነው፣ ልጄ። ዓይኔ የጠፋው እዚሁ ነው። እጄ ያውቀዋል።»

«መታጠቢያ ቤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ይሸታል?»

«ኧረ የለም። ቤት የሚያይ ሰው ሊመጣ ሲል ይሸታል፣ ሲሄድ ይተወዋል። ለልጄ ብነግረው ‹አርጅተሽ ነው እማዬ› ብሎ ሳቀብኝ።»

መርማሪዋ ውሃዋን ተጎነጨች።

«ፀሐይስ የት ነው የሚሞቁት?»

«በረንዳው ላይ ነበር፣ ሁልጊዜ ጠዋት። ትናንት ግን ከለከለኝ። ብርድ ይመታሻል ብሎ ወንበሬን አስገባው። ምን ብርድ አለ በዚህ ወራት?» አሮጊቷ ፈገግ አሉ። «ልጅ እኮ ሲወድሽ ነገር ያበዛል።»

መርማሪዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ከትምህርት ቤት ተጠርቶ መጣ። የጃኬቱ እጅጌ ጠመኔ ነክቶታል። ሁሉም ሦስተኛው ፎቅ ሳሎን ተሰበሰቡ። መርማሪዋ አሮጊቷን ምድር ቤት ሄደው እንዲያርፉ ብትለምናቸው እምቢ አሉ።

«በቤቴ የሚነገር ከሆነ እዚሁ ልስማው» አሉ።

መርማሪዋ እንደቆመች ጀመረች።

«ደላላውን የገፋው ሰው የለም። ነርሷ እውነቷን ነው። የገደለው የተፈታው ብሎን ነው፤ ብሎኑ ግን ለእሱ ተብሎ አልተፈታም። ማን ይደገፈዋል፣ ማን ይነካዋል፣ የፈታው ሰው አያውቅም ነበር። ስለዚህ ደላላውን ማን ይጠላ ነበር ማለቱን ተውኩት። ይህ ቤት ባይከራይ ማን ይጠቀማል ነው ያልኩት።»

ኢንጂነሩ አንገቱን ደፋ።

«ሁለት ሰው ነው የሚጠቀመው። አንዱ የቤቱ ባለቤት ልጅ ነው፤ መፍቻም አለው፣ ጥልም አለው። ግን ሽታውን አስቡት። ሰው ሊመጣ ሲል ይመጣል፣ ሰው ሲሄድ ይጠፋል። ግድግዳውም በውሃ የሚርሰው በዚያው ጊዜ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው እዚሁ የሚያድር ሰው ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ የሚያድሩት ሁለት ናቸው።»

የአሮጊቷ ጣቶች የቀሚሳቸውን ጫፍ መጠቅለል ጀመሩ።

«የመጨረሻውን የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ምን እየነገሩኝ እንደሆነ ሳያውቁ። ብሎኑን የፈታው ሰው አስቀድሞ እሳቸው በረንዳው ላይ እንዳይወጡ አድርጓል። ኢንጂነሩ ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ ማድረግ የሚችለው እሳቸውን ሊከለክል ሥልጣኑ ያለው ነው። መምህር፣ ተሳስቻለሁ?»

መምህሩ እናቱን አየ። ሲናገር ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር።

«አልተሳሳትሽም። ቤት ያልፈለግኩበት የለም። ደላላው ‹ችግር የለም› ራሱ ነበር ያዞረኝ። አንዱ ጋ እናትህ እሳት ትለኩሳለች አሉኝ። አንዱ ጋ ሽንት ቤቱ ግቢውን ተሻግሮ ነው። አንዱ ጋ እሷን ሲያዩ በሩን ዘጉብን። እሷ ሌላ ቤት ከገባች ከወንበር አትነሳም። ጊዜ ነበር የምፈልገው።»

«ብሎኑን ለምን ፈታህ?»

«ሽታው አልበቃም። ይቺ ነርስ ባለፈው አይታው እቀባዋለሁ፣ አስጠርገዋለሁ ብላለች አለኝ ደላላው። መከለያው ቢነቃነቅ ግን ፈርታ ትተወዋለች ብዬ ነው።» ወደ ነርሷ ዞረ። «ማንም ሰው የሚነቃነቅ ብረት ሲነካ ወደ ኋላ ይላል። እሷም እኮ ወደ ኋላ ብላለች። እሱ ይደገፈዋል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ብታስብ ኖሮ ትተወው ነበር?»

«ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለ። «ጠዋት ልመልሰው መፍቻውን አንስቼ ነበር። ከዚያ አስቀመጥኩት።»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናትየው ተነሱ። እንደለመዱት በሳሎኑ መሐል ቀጥ ብለው ሄደው ልጃቸው ፊት ቆሙ። ፊቱን ዳሰሱ፣ ትከሻውን ዳሰሱ፣ እጁ ጋ ሲደርሱ ፖሊሱ በዚያ መሐል ያሰረበትን ካቴና አገኙት። ለትንሽ ጊዜ ብረቱን ይዘው ቀሩ።

«ያም ሰው እናት ይኖረው ይሆናል» አሉት።

መምህሩ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ሲያወርዱት የቤቱ ባለቤት አሮጊቷን አቅፈው፣ እትዬ አይዞዎት፣ እስከፈለጉ ድረስ ይቀመጡ ይሉ ነበር። አሮጊቷ ግን የልጃቸውን እግር ድምፅ ደረጃው እስኪያልቅ እያዳመጡ ነበር።

የግቢው በር ተንኳኳ። ኢንጂነሩ በመስኮት አየ፤ አንድ ሰውዬ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ቆሟል።

«ቤት ለማየት ነው» አለ ሰውዬው ከታች። «ደላላው ዛሬ ኑ ብሎን ነበር። ስልኩን አያነሳም።»

ሳሎን ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ።

«አስገቧቸው» አሉ አሮጊቷ። «እርጉዝ ሴት ቆማ አትጠብቅ። እኔ ዕቃዬን እሰበስባለሁ።»