አሥራ ስምንት ሰዓት

ጊዮርጊስን! ከዚህ በታች ካሰፈርኩት አንዲት ቃል ሐሰት ከሆነች ይቺ የጻፍኩባት እጄ ትድረቅ። ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው፤ እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ ቀንሼዋለሁ።

ጎረቤቴ ይኸነው ከግቢው ጥድ ሥር ሞቶ የተገኘው ታኅሣሥ ሃያ ሰባት፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መሰላሉ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ፒንሳው ከእጁ አልወጣም። በላዩ አሥር ሺህ አምፖል፣ ቢቀንስ ቢቀንስ ዘጠኝ ሺህ፣ ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቀ በዜማ ይጨፍራል። ሰው ሞቶ መብራት ሲጨፍር ያየ በእንጅባራ ምድር እኔ ብቻ ነኝ።

ይኸነው ለገና ግቢውን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መብራት ሊያለብሰው ተነሥቶ ነበር። ሽቦውን የዘረጋው እሱ ነው። መቼ በርቶ መቼ እንደሚጠፋ ላፕቶፑ ላይ የጻፈችለት ደግሞ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ዮርዳኖስ ናት፤ ኮምፒዩተር የተማረች ልጅ። ምክሩ የኔ ነው። እኔ ባልኖር አንድም አምፖል ብልጭ አይልም ነበር።

ታዲያ በሞቱ ዋዜማ ዮርዳኖስ መሰላሉ ሥር ቆማ፣ «ጋሼ፣ ሶኬቱን ሳይነቅሉ አይንኩት! ይሄ ሽቦ አንድ ቀን ይገድልዎታል!» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰውየው ሲሞት የሶኬቱን ነገር ሁሉም ረሳው፤ «ይገድልዎታል» ያለችው ብቻ ቀረ። ካቴናው ወጥቶላት ነበር፣ መርማሪ የምሥራች ባትደርስ ኖሮ።

የምሥራች ከዳንግላ በሚኒባስ መጣች። ሚኒባሱ በሩብ ሰዓት በረረ አሉ። ቁመቷ ከትከሻዬ አይደርስም፤ ዓይኗ ግን ግድግዳ ይበሳል። በማግሥቱ አምስት ሰዓት ላይ ሦስታችንን፣ የሟቹን ሚስት ሸጋን፣ ዮርዳኖስንና እኔን፣ ሳሎን አስገብታ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«እስክጨርስ ማንም አይወጣም።»

«ሽንት ቢይዘኝስ?» አልኳት።

«ይያዝዎት።»

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ከውጭ የለቀስተኛው ዋይታ ይሰማል፤ ከውስጥ የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። አየሩ ያለቀ መሰለኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ።

«ሶኬቱን ለምን አልነቀለም?» ብላ ሸጋን ጠየቀቻት።

«ቀን አይበራም፤ ማታ ነው የሚበራው ይል ነበር።»

«አንቺ ላፕቶፑን ትነኪያለሽ?»

«አቧራውን ልወለውል ካልሆነ።»

የምሥራች ወደ ዮርዳኖስ ዞረች። «ስንት ሰዓት ላይ እንዲበራ ነው የጻፍሽው?»

ልጅቷ ወረቀቷን ዘረጋች። 18:00 ይላል።

«በኛ ስንት ነው?»

«ከምሽቱ አሥራ ሁለት። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው።»

«እርስዎስ፣ ጋሽ ፀጋው? አሥራ ስምንት ሰዓት ስንት ነው?»

«ደሞ አሥራ ስምንት የሚባል ሰዓት አለ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀም። የምሥራች ግን ጫማዬን፣ ጣቶቼን፣ ከዚያም ፊቴን እንደ ደብዳቤ አነበበችው።

ሰዓቱ ስድስት ሲል ጥዱ ማንም ሳይነካው ቦግ አለ! ዜማው ግቢውን ሞላው። ዮርዳኖስ ፊቷን ሸፈነች።

«ተቀመጡ» አለች የምሥራች፣ ላፕቶፑን ወደኛ እያዞረች። 12:00 ይላል። «ወረቀቱ ላይ አሥራ ስምንት፣ እዚህ አሥራ ሁለት። ሰው ቀይሮታል። ዮርዳኖስ ለመግደል ብትቀይረው ይኸነው መቼ መሰላል ላይ እንደሚወጣ በምን ታውቃለች? ደግሞ ሽቦውን እንዳይነካ ያስጠነቀቀችው እሷው ናት።»

«ታዲያ ማነው?» አለች ሸጋ።

«የቀየረው ሰው መግደልም፣ በቀን ማብራትም አላሰበም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ላይ እንዲበራ ነው የፈለገው። አሥራ ስምንት ስህተት መስሎት አረመው። ለኮምፒዩተሩ ግን አሥራ ሁለት ማለት እኩለ ቀን ነው፤ የኛ ስድስት ሰዓት። እንግዲህ ሰውየው ሳይጠይቅ የሚያርም፣ አውቃለሁ ባይ ነው።»

ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ። ግድግዳዎቹ አንድ እርምጃ የቀረቡኝ መሰለኝ። ላቤ እንደ ክረምት ጅረት ወረደ።

«ሟቹ ራሱ ነው» አለች በመጨረሻ፤ ቁልፉንም ከኪሷ አወጣች። በሩ ተከፈተ። ዮርዳኖስ ነፃ ወጣች። የእንጅባራ ሕዝብ የምሥራችን በትከሻው ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ሸኛት።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ከማንም በፊት ለባለቤቱ ይገባል ብዬ ትናንት ለሸጋ አነበብኩላት። የመብራቱን ገመድ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ስታስገባ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አምፖሎቹ ሁለት መቶ ነበሩ» አለች።

«እሱ እንኳ ማሳመሪያ ነው።»

«የምሥራች የምትባል መርማሪ አልመጣችም። በር የቆለፈብንም የለም።» ገመዱን መጠቅለሏን አላቆመችም። «ይኸነው ያንን ላፕቶፕ ማብራት እንኳ አያውቅበትም ነበር። በሞተበት ቀን ጠዋት ላፕቶፑ ፊት የተቀመጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ፀጋው። ‹አሥራ ስምንት የሚባል ሰዓት የለም፤ ይቺ ልጅ ተሳስታለች› ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ሲያነቡልኝ ገባኝ።»

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። እኔ ግን አልወጣሁም።

«ዮርዳኖስ እስከ ዛሬ እስር ቤት ናት» አለች ሸጋ፣ ካርቶኑን እየዘጋች። «ነገ ቀጠሮዋ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት። በኛ አቆጣጠር።»