የተስተካከለው ብርሃን

«ኩርንችት፣ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

ኩርንችት ጫኖ መንደር ውስጥ ሙዝ ከሚጭን አይሱዙ ጀርባ ተለጥፏል። ኩርንችት የስለላ ስሙ ነው፤ በስውር እንዲጠብቀው በተላከበት ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻኑ ደግፌ ነው የሚባለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው አሁን በጆሮ ማዳመጫው የሚያንሾካሹክለት አለቃው ካሱ ብቻ ነው።

ፊት ለፊቱ ተመራማሪው ዘካሪያስ ከሹፌሩ እጅ ትንሽ ካርቶን ተቀበለ።

«የሰረቀውን መስታወት ሹፌሩ ጋ አስቀምጦት ነበር» አለ ካሱ። «ያዘው! እኔ አውሮፕላን ልሳፈር ነው።»

ኩርንችት ደስ አለው። ደስታው ግን የሥራ ደስታ አልነበረም። ከክረምት ጀምሮ በቅናት ሲቃጠል ነው የከረመው። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አርሴማ ምሳዋን የምትካፈለው ከዘካሪያስ ጋር ነው። በጋሞኛ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። እሱ ቋንቋውን ስለማይሰማ ሳቁ ሁሉ በእሱ ላይ ይመስለዋል።

ዛሬ ጠዋት አርሴማ የላብራቶሪውን ስክሪን እንዳየች ፊቷ አመድ መሰለ። ብርሃንን በመካከላቸው እልፍ ጊዜ ከሚያመላልሱት ሁለት መስታወቶች አንዱ ተሰርቆ በቦታው ተራ መስታወት ገብቷል። የዓመታት ልፋቷ ነበር፤ ውጭ አገር ዓይኑን የጣለበትም ብዙ ነው።

ኩርንችት ከኋላ ደርሶ የዘካሪያስን ክንድ ጠመዘዘ።

«የመንግሥት ሰው ነኝ። እንዳትነቃነቅ!»

«ደግፌ? አንተ ነህ? የአርሴማ ዕቃ መጥቷል፣ ተቀበል ብለው ደውለውልኝ እኮ ነው!»

«ዝም በል፣ ሌባ!»

«እኔ ብሰርቀው ብርሃኑን ክብ አድርጌ እተወዋለሁ?»

የኩርንችት እጅ ላላ።

«ማታ ስንወጣ፣ ሰው ነክቶት እንደሆነ ለማወቅ፣ አንዱን መስታወት ሆን ብለን ጥቂት እናዘምመዋለን» አለ ዘካሪያስ እያለከለከ። «ስክሪኑ ላይ ያለው ክብ ነጥብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከፍተኛ ሞድ የምንለው እሱ ነው። ዛሬ ግን አንድ ክብ ሆኖ አገኘነው። ሌባው ሙያውን ያውቃል። ተከፍሎ ሲያየው አላስችል ብሎት አስተካከለው። ምልክታችንን ግን አያውቅም።»

«ምልክቱን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሷ።»

እኔና እሷ።

ለዘካሪያስ ነግራዋለች፤ ለእሱ ግን አልነገረችውም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ካሱ ስለላ ከመግባቱ በፊት ገረሴ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነበር። መስታወት ማስተካከልን ለኩርንችት ያስተማረው እሱ ነው፤ ብርሃኑ ክብ ሳይሆን ከጠረጴዛ መነሣት ክልክል ነበር። የላብራቶሪውን ቁልፍ አስቀርጾ ለካሱ የሰጠው ደግሞ ራሱ ኩርንችት ነው።

ዝም ቢልስ?

ዘካሪያስ ይታሰራል። አርሴማ ብቻዋን ትቀራለች። ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጠው፤ እንደጣፈጠውም ራሱን ጠላ።

«ሞተር ሳይክልህን አስነሣ» አለው። «ወደ አየር ማረፊያ!»

የባላንጣውን ወገብ አቅፎ በረረ።

ካሱ በሩ ላይ ከታክሲ ሲወርድ ደረሱበት።

«ቦርሳውን ስጠኝ፣ ጋሽ ካሱ።»

«አንተ ሞኝ!» ካሱ ፈገግ አለ። «በደወልክ ቁጥር ዘካሪያስ እንዲህ አላት፣ ዘካሪያስ እንዲህ አሳቃት ነው ወሬህ። በባዶ ካርቶን ወጥመድ ውስጥ የምከተውን ሰው የመረጥክልኝ አንተው ነህ። እሱ ይታሰር፣ እሷን አንተ ውሰዳት። ምን ጎደለህ?»

ኩርንችት የሚገባበት ጠፋው። እውነት ነበር።

ካሱ የመስታወቱን ማህደር ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተና አውራ ጣቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

«የጣቴ ወዝ አንድ ጊዜ ከነካው አለቀለት። ልለፍ።»

ኩርንችት ዘለለ። ጣቱን ጨምድዶ ወደ ኋላ አጠፈው። አጥንት ተሰበረ፣ ካሱ ጮኸ። ዘካሪያስ ማህደሩን አየር ላይ ቀለበው።

መስታወቱ አልተነካም።

ፖሊሶች ካሱን ሲወስዱት ለኩርንችት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ።

«የካሱ ስም አይነሣም፤ መሥሪያ ቤታችን ይጋለጣል» አለ የበላይ አለቃው። «ላብራቶሪው ግን ሌባው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።»

ኩርንችት ገባው።

«ቴክኒሻኑ ነው በሏቸው።»

ዘካሪያስ ሰምቶ ደነገጠ። «ለአርሴማ እውነቱን እነግራታለሁ!»

«ከነገርካት ትታሰራለህ። መስታወቱን ያስመለስከው አንተ ነህ። ሂድ፣ አትጠብቅ፣ ይዘህላት ግባ።»

ይህን ሲል አፉ መረረው። በደስታ ስታቅፈው ታየው።

ከተማውን ለቆ ወደ ሶዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ስልኩ ጠራ። አርሴማ ናት። ደውላለት አታውቅም። አነሣው።

«ደግፌ» አለች። «ጠዋት ስደነግጥ ዘካሪያስን እንኳ ጠርጥሬው ነበር። አንተን ግን ለአንድ አፍታም አልጠረጠርኩህም ነበር።»

ዘጋችው።

ሲም ካርዱን አውጥቶ በመስኮት ወረወረው። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ አሰፉለት።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ልብስ ነው የምነግደው፣ እማማ።»